የወጌሻው ጣሳ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እስካሁን ቅቤ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የልጅ ልጄ ጽጌ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ኪስ ስትሰፋ ውላ ቀኝ እጇ ከአንጓዋ እስከ ክንዷ ይነድድ ጀመር። ብርጭቆ ማንሳት እንኳ አቃታት። እንዲህ ከቀጠለ ከማሽኑ ያነሱኛል እያለች ታለቅስ ነበር። ቤታችንን ያቆመው ደግሞ የእሷ እጅ ነው።

መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ወጌሻ አውቃለሁ። ድሮ እንሰት ስፍቅ ኖሬ ትከሻዬ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ያሸኝ እሱ ነው። ስሙን ለሰፈሩ ሁሉ ያዳረስኩትም እኔው ነኝ።

እኛ ዘንድ ወጌሻ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም፤ የሚታሸው ሰው ቅቤውን ይዞ ይሄዳል። ቱላ ያለች ዘመዴ ለጋ ቅቤ ላከችልኝ፤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ፣ ጽጌን አስከትዬ ሄድኩ። ሽታው ደስ ሲል! የባጃጁ ሾፌር እንኳ፣ "እማማ፣ ገንፎው የት ነው የተዘጋጀው?" ብሎ ቀለደብኝ።

ወጌሻው ቅቤዬን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መርቆኝ፣ ወደ ጓዳ አስገባው። ከእኛ በፊት የደረሱ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን እየታሹ ነበር። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቆዳቸው ተልጧል፣ መግልም ይዟል። አሽቶ ሲጨርስ የተረፈውን ቅባት ከእግራቸው ላይ በመዳፉ ጠረገና፣ ቅርፊቱንም ጸጉሩንም እንዳለ፣ ዝገት የበላው ጣሳ ውስጥ መለሰው።

ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ወዲያው ከዚያው ጣሳ ዝቆ ወደ ጽጌ እጅ ተጠጋ። የቆየ ንፍጥ የመሰለ፣ የሚከረፋ ነገር ነው።

እጁን ያዝኩት። "ልጄ፣ የኔ ቅቤ የት ሄደ?"

"እሱ ገና ጥሬ ነው፣ እማማ። ስንት ሰው ያዳነው ነው አጥንት የሚገባው። እርስዎንስ ያሸሁዎት በዚሁ አይደል?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

ይህን ሲል ከጓዳ ሽንኩርት ሲቁላላ ሸተተኝ። የቱላው ቅቤ ነው፤ ሽታውን እንዴት አጣዋለሁ! የእኔ ቅቤ ለወጡ፣ የሰው ቁስል ለልጄ። ያኔ ትከሻዬ ላይ የማን እግር መግል እንደተለቀለቀ ሳስብ ደጅ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ጽጌን ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ እጇን እያገላበጠች አየችና፣ ያመማት ያንኑ ሥራ ያለ እረፍት ስለምትደጋግም ነው አለች። ጥቂት ቀን እንድታሳርፈው፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እንድናደርግላት፣ ስትሠራም በየመሃሉ እያቆመች እንድታፍታታው ነገረችን። ቀስ እያለ ተሻላት፤ ከማሽኑም አላነሷትም።

እኔ ግን ትከሻዬን እስከ ዛሬ በሳሙና እፈገፍጋለሁ። የሚጸዳ አይመስለኝም። ገንፎም ሲቀርብልኝ መሃሉ ላይ ጸጉር እፈልጋለሁ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ እየነገርኳት የምትጽፈው ጽጌ ናት፣ በዚያው በቀኝ እጇ። ሰውየውን ገና ብዙ ልለው ነበር። ግን ይኸው እስክሪብቶውን አስቀምጣ አንጓዋን ማዟዟር ጀምራለች። ይብቃኝ፣ እጇ ይረፍ።