በቁሟ ያለቀስንላት

ባለፈው ሳምንት መቱ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለ ከሁሩሙ የመጣች ሚኒባስ አንድ ጎረምሳ አወረደች። ጨቅላ ልጁን ደረቱ ላይ አስሮ፣ በአንድ እጁ ዘንቢል በሌላው ስልክ ይዟል። ዘወር ብሎ ያየው ሰው የለም። እኔ ብቻ ሳቄ መጣ። ብቻዬን ስስቅ ያየችኝ ጉሊት ሻጭ “ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?” አለችኝ። ደኅና ነኝ ልጄ። እኔ በዚያው መንገድ ልጅ አዝዬ ያለፍኩ ጊዜ ግን ዘመድ አዝማድ ለቅሶ ተቀምጧል።

በንጉሡ ዘመን ነው። እኔ መቱ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ለድሬሰርነት ትምህርት ጅማ እንድትሄድ ተመረጠች። ድሬሰር ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ለብዙው ሰው ሐኪም ማለት ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ይፈጃል። ልጃችን ሰናይት ደግሞ ጡት ከጣለች ገና ወሯ ነው። ቡሬ የምትኖረው እናቴ ይህን ስትሰማ “ልጅቷን ለእኔ፣ አበቃ!” አለች። ልማዱም ይኸው ነበር፤ ግን አያት ዘንድ የሄደ ልጅ የአያት ሆኖ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ጅማ የሚወስዳት ጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ ጥሩወርቅ ከላይ ሆና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። “ልጄን ለማንም አትስጥ። ስመለስ ቤቴ ላግኛት። ይህ ካልሆነ አሁኑኑ እወርዳለሁ።”

“ሂጂ” አልኳት። “የወንድ ልጅ ቃሌ ነው።”

ቃል መስጠት ምን ይከብዳል? ገንፎ ማገንፋት ነው ከባዱ! የመጀመሪያውን ድመቷም አልነካችው። ክፍል በምገባበት ሰዓት ልጅቷን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ እትዬ ዲንቄ ከት ብላ እየሳቀች “አባ መርቃ” ትለኝ ጀመር፤ የገንፎው ጌታ ማለቷ ነው። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ መች ያባራል? የታጠበው ጨርቅ አይደርቅ፣ ከምድጃው በላይ ገመድ ዘርግቼ አሰጣለሁ፤ ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ዳይሬክተሩ “አስተማሪ ነህ ወይስ ሞግዚት?” ይሉኛል። “ሁለቱንም ነኝ” እላለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ቀርቼ አላውቅም።

ሌላም አመል ነበረብኝ፤ ንብ። ሁሩሙ አጠገብ ኦቦ ገለታ የሚባል ገበሬ ወዳጄ ዋንዛ ላይ ቀፎ ሰቅሎልኛል፤ ቅዳሜ ሄጄ ንቦቹ ሲገቡ ሲወጡ ካላየሁ ሳምንቱ ሳምንት አይመስለኝም። ቅዳሜ ግን እትዬ ዲንቄም ገበያ ትውላለች። ልጅቷን ለማን ልተው? ንቡን እርም ልበል? አልልም! አንቀልባውን አነሳሁ፣ ልጄን አዘልኩ፣ የሁሩሙን መንገድ ተያያዝኩት።

ሰው ይስቅብኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር ሁሩሙ ገበያ የገባሁት። የሳቀ የለም። ገበያተኛው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት ማር ሻጭማ “አይዞህ ወንድሜ፣ አንድዬ ያጽናህ” አለችኝ። ለጭቃው ያዘነችልኝ መስሎኝ “አሜን” ብዬ አለፍኩ።

ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክፍሌ በር ላይ መጥቶ “ጋሼ፣ ቤትዎ ለቅሶ ነው” አለኝ።

በሩጫ ደረስኩ። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከቡሬ ባመጣቻቸው ዘመዶች መሐል ደረቷን ትደቃለች። “ወይኔ ጥሩዬ! ልጅሽን ሳትጠግቢያት!” ወሬው ከጅማ ለእናቴ ቀድሞ የደረሰ መሰለኝ። መሬት ላይ ተዘርግቼ “እኔ ነኝ የሰደድኳት” እያልኩ አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ ዘመዶቹ ባሰባቸው፤ እትዬ ዲንቄም ኡኡታዋን አቀለጠችው።

በመጨረሻ ራሴን ሰብሰብ አድርጌ “እማዬ፣ መቼ ሞተች? ማን ነገረሽ?” አልኳት።

እናቴ ለቅሶዋን ቀጥ አደረገች። “እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ሁሩሙ ገበያ ልጅ አዝለህ የታየኸው አንተ አይደለህ? ያጽናህ ቢሉህ አሜን ብለሃል አሉ!”

“እና ለዚህ ነው?”

“ታዲያ ሚስቱ ካልሞተች ወንድ አንቀልባ ይነካል?”

መጀመሪያ የፈነዳው የእትዬ ዲንቄ ሳቅ ነው። እናቴ ግን አልሳቀችም። እንባዋን ጠርጋ ተነሳችና ሰናይትን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። “በቁሟ አስለቀስከኝ! ከእንግዲህስ ልጅቷ ከእኔ ጋር ቡሬ ትሄዳለች።” ዘመዶቹም “እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው” አሉ።

እናቴን ቀና ብዬ እምቢ ብያት አላውቅም ነበር። “አልሰጥም” አልኩና ልጄን ከክንዷ ወሰድኩ። “ቃል ገብቻለሁ፣ እማዬ።”

“ሰው ምን ይላል?”

“ሚስቴን ገድሎብኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ይበል?”

“እንግዲያስ አንተው እናት ሁን!” ብላ ወጣች። ኋላ ወገቧን አሟት ጥሩወርቅ መርፌ እስክትወጋት ድረስ ኩርፊያዋ አልበረደም።

እኔም በቅዳሜው አንቀልባዬን አንስቼ ሁሩሙ ሄድኩ። ልጅቷ እናቷን እንዳትረሳ ብዬ ገንፎ ባጎረስኳት ቁጥር “እማዬ በይ፣ እማዬ ትመጣለች” እላታለሁ። ተማሪ ሳስተምር እንዲያ ደክሜ አላውቅም።

ዓመቱ ሞልቶ ጥሩወርቅ መጣች። ሰናይት ደጃፍ ላይ ቆማ አየቻት፤ ዞራ እግሬ ላይ ጥምጥም አለችና “እማዬ!” ብላ ጮኸች። እኔን ነው! ለካ ቃሉን ከእኔ አፍ ስትሰማ ከርማ የኔ ስም አድርጋዋለች። ጥሩወርቅ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ሳቀች። “ለማንም አትስጥ ብልህ ለራስህ ወሰድካት?” የዋንዛውን ማር በጣቷ እያላሰች ስንት ቀን አባብላ ነው ልጇን ያስመለሰችው።

ያን የመናኸሪያውን ጎረምሳ ጠርቼ ይህን ሁሉ ልነግረው ቃጥቶኝ ነበር። ግን የሚስቱን ጉዳይ የሚጠይቅ ሽማግሌ ምን ይሉታል? ተውኩት፤ መንገዱን ሄደ።

ጥሩወርቅ የመቱን ሰው ስታክም አርጅታ አምና አረፈች፤ ይሄኛው እውነተኛው ነው። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ሰናይት፣ ዛሬ እሷም ሽበት አውጥታለች፣ ከደጅ ጀምራ “እማዬ! እማዬ!” እያለች ገባች። እናቷን ነው የምትጠራው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነስቼ “አቤት ልጄ” አልኳት።