ያጠቡትን የማይናገሩ ሴት

አማቴ ዐሊማ ጀናዛ አጣቢ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ፣ በእኛ ሰፈር ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። እሳቸውም "ኢና ሊላህ" ብለው ሻሻቸውን አጥብቀው ይወጣሉ።

የተወለዱት ደሴ ዙሪያ ነው። ልጅ ሳሉ ጎመንና ካሮት ተሸክመው በእግራቸው ደሴ ገበያ ይመላለሱ ነበር። ኮምቦልቻ ያመጣቸው ትዳር ነው። ባላቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ አላህ ይርሐማቸው፣ እኔ አልደረስኩባቸውም። እጥበቱን ያስተማሯቸው ቡዜ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤት ናቸው። የቁርቁራ ቅጠሉ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ሽቶው ካፉር መቼ ውሃው ውስጥ እንደሚገባ፣ ገላን ሳይገልጡ በጨርቅ ስር እንዴት እንደሚታጠብ አሳዩዋቸው። ከሁሉም አስቀድመው ግን "ያየሽው እዚያው ይቅር" አሏቸው። አጣቢ ቁስል ብታይ፣ ሰንበር ብታይ፣ የሟች ፊት ጠቁሮ ብታይ አትናገርም። አማና፣ የሟች አደራ ነው። ክፍያም የለውም፤ አጅሩ ከአላህ ነው።

በጦርነቱ ወራት ስንት ሰው እንዳጠቡ ጠይቄያቸው አላውቅም። ብጠይቅም አይነግሩኝም። ከዚያ ሁሉ በኋላ የገዛ ልጃቸው፣ የባሌ የባሽር እህት ዘሀራ፣ በወሊድ ሞተች። ልጁም አልተረፈም። "እርስዎ ይቅርብዎት፣ ሌላ ሰው ይጠብ" ተባሉ። "የራሴን ለማን እሰጣለሁ?" ብለው ገቡ። ሲወጡ እጃቸውን አደራርቀው "ከፈኑ በቅቷል" አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ አላለቀሱምም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ማሻአላህ! ሰብር፣ ትዕግሥት ማለትስ ይሄ ነው" አለ። የቅሬው፣ የእድራችን ሴቶች ልጅ የሞተባትን ሁሉ "ዐሊማን አታይም?" እያሉ ማጽናናት ጀመሩ። እኔም ካደነቋቸው አንዷ ነበርኩ።

ነገሩ ግራ የገባኝ ልጄን ከሊድን ስወልድ ነው። አማቴ አዩትና "አላህ ያሳድገው" አሉ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ ለተቀመጠች የማታውቃት ሴት ሕፃን እንደሚባለው ዓይነት። አይጠሉትም። ሲያለቅስ "ልጁ እያለቀሰ ነው" ይሉኛል፤ ዝናብ ጀመረ እንደማለት ነው። ይሠራሉ፣ ይሰግዳሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ። ቤታችን ጸጥ አለ። እኔም ቀስ በቀስ ድምፄን መቀነስ ለመድኩ። ባሽር ከፋብሪካ ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ይልና "ደህና ናት?" ይለኛል። "ደህና ናቸው" እለዋለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ረውዳ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ አባቷ ጀማሉዲን ሸዋ በር ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። የአእምሮ ጤና ተምራ ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቅ ልጅ ናት። ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጥ የጥናት ገንዘብ ተወዳድራ አሸንፋለች። ጥናቷ ጀናዛ በሚያጥቡ ሴቶች ላይ ነው።

"አባቴ ሲሰማ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?" አለችኝ እየሳቀች። "'ፋርማሲ ክፈቺ ብዬ ስለምንሽ አጣቢ ፍለጋ ትዞሪያለሽ? እኔ ስሞት መፈለግሽ ላይቀር አሁን ምን አስቸኮለሽ!'"

ገንዘቡ በሁለት ዙር የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር የደሴን፣ የኮምቦልቻንና የደጋንን አጣቢዎች አነጋግራ እንዴት እንዳሉ ታጠናለች። ያ ከተሳካ በሁለተኛው ዙር አጣቢዎቹ በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር የሚቀመጡበት ቦታ ይከፈታል። የመጀመሪያው ካልሆነ ሁለተኛው የለም። እኔ የፈለግሁት ሁለተኛውን ነው፤ ለአማቴ።

ግን ሁሉም አጣቢዎች አንድ መልስ ሰጧት። "ዐሊማ ከተናገረች እንናገራለን።" ዐሊማ ደግሞ አይናገሩም።

"እትዬ ዐሊማ፣ ስም አይጻፍም እኮ። ወላሂ ማንም አያውቅም" አለቻቸው ረውዳ።

"ምንድን ነው የምትጠይቂኝ? እስቲ አንዱን አሰሚኝ።"

ረውዳ የመጀመሪያውን አነበበች። ካጠቧቸው ሰዎች መካከል ከአእምሮዎ አልጠፋ ያለዎትን ይንገሩኝ፣ የሚል ነው።

"ይሄማ አማና ነው" አሉ አማቴ። አልተቆጡም። ምስር መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ረውዳ ተስፋ አልቆረጠችም። የመስጊዳችንን ሼህ ሙዓዊያን ቤታችን ድረስ ይዛ መጣች። ሼሁ አማቴን በትሕትና አናገሯቸው። "ዐሊማ፣ የሚሸፈነው የሟች ነውር ነው። የአንቺ ሕመም የአንቺ ነው፤ ለሐኪም ብትናገሪው ሐራም የለበትም።"

"ገባኝ፣ ሼሁ። ግን የእኔን ስናገር የሟቿም አብሮ ይወጣል። እገሊትን ሳጥብ እንዲህ ሆንኩ ካልኩ እገሊት ምን ነበረባት ይባላል። እዚህ ከተማ ማን ማንን አያውቅም?"

ሼሁ ጺማቸውን እያሻሹ ቆዩ። "ሐቅ ነው" አሉ በመጨረሻ። ረውዳ ሼሁን አየቻቸው። ያመጣቻቸው ለእሷ እንዲፈርዱ ነበር።

ያን ቀን እኔ ጋ ጓዳ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "ጥያቄውን ማውጣት አለብኝ" አለች። "ግን ገንዘቡን የሰጡኝ በዚህ ጥያቄ ነው። አማካሪዬ 'ከነካሽው እንደገና ይገመገማል፣ ሁለተኛውን ዙር ልታጪ ትችያለሽ' ብሎኛል።"

"ካልነካሽውስ?"

"ካልነካሁትማ ማንም አያናግረኝም።" ወደ እኔ ዞረችና "እኔ ብሆንም አልናገርም ነበር" አለች።

ለገንዘብ ሰጪዎቹ ጻፈች። ስለሟቾቹ የሚጠይቀው ሁሉ ወጣ፤ ስለአጣቢዋ የሚጠይቀው ብቻ ቀረ። መልስ እስኪመጣ ክረምቱ ገባ። ቦርከና ሞልቶ ደፈረሰ፤ አማቴ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሄደው አጥበው ተመለሱ። በየመሀሉ ረውዳ ትደውልልኛለች። "አልመጣም" ትለኛለች፤ እኔም "አብሽሪ፣ አይዞሽ" እላታለሁ። በመጨረሻ መልሱ መጣ፤ ለውጡን ተቀብለዋል፣ የማስረከቢያው ቀን ግን አይራዘምም።

አማቴ አዲሶቹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሰሙ። "ስለእነሱ የለበትም?"

"የለበትም፣ እትዬ።"

"እንግዲያ ነይ። ኡመይማ፣ አንቺም ተቀመጪ" አሉኝ። ልጄን ጡት እያጠባሁ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ።

"እንቅልፍ ይወስድዎታል?"

"ይወስደኛል።"

"ምግብስ?"

"እበላለሁ።"

"ይጥምዎታል?"

አማቴ አሰቡ። "ጨው እንዳለበት አውቃለሁ" አሉ።

ረውዳ ብዕሯን አቆመች። "ሰዎች እርስዎን በሰብርዎ ነው የሚያነሱዎት።"

"ሰምቻለሁ።"

"እርስዎስ ምን ይሉታል?"

"ሰብር ያመመው ሰው የሚይዘው ነገር ነው" አሉ አማቴ። ድምፃቸው የሽንኩርት ዋጋ የሚናገሩ ይመስል ነበር። "እኔን አላመመኝም። ዘሀራን ሳጥብ አላመመኝም። ውሃው ለብ ያለ መሆኑን አየሁ፣ አጠብኩ፣ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ሰዎች ሰብር ሲሉኝ ዝም እላለሁ። የሌለኝን ነው የሚያመሰግኑልኝ።"

ልጄ ጡቱን ለቀቀ። ስንት ጊዜ እኔው ራሴ "ማሻአላህ" ብያቸዋለሁ።

"ይህንን ለሰው ነግረው ያውቃሉ?"

"የጠየቀኝ የለም። ጨረስን?"

"ለዛሬ ጨረስን" አለች ረውዳ። አማቴ ተነስተው ምንም እንዳልሆነ ውሃ ሊቀዱ ወጡ። ማታ "እንዴት ነበር?" ስላቸው "ቀላል ነው" አሉኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሌሎቹን አጣቢዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ "ስለሟች አትጠይቅም፣ ተናገሩ" አሏቸው። ሴቶቹ ተናገሩ። ከእነሱም አንዷ፣ ረውዳ ስሟን አልነገረችኝም፣ "ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች አሉ።

የሁለተኛው ዙር ወሬ የመጣው መስከረም ላይ ነው። ረውዳ ከደሴ ወርዳ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"ተፈቀደ! አልሐምዱሊላህ፣ ተፈቀደ! ከሚቀጥለው ሐሙስ እንጀምራለን።" እኔን አቀፈችኝ፣ ልጄን ሳመችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ገንዘቡን ግን ቀንሰውታል" አለች። "ለደሴና ለኮምቦልቻ ብቻ ነው የሚበቃው። ደጋን ወጥቷል።"

አማቴ ጥጥ ይባዝቱ ነበር። እጃቸው ቆመ።

"ደጋን ምን ሆነ?"

"ባለሙያዋን እዚያ ድረስ የሚያመላልስ ገንዘብ የለም፣ እትዬ።"

"እነዚያ ሴቶች አላነጋገሩሽም?"

"አነጋግረውኛል።"

"ልባቸውን ሰጥተውሽ የለም? ታዲያ ሰምተሽ ስታበቂ ነው የምትተያቸው?"

"እኔ አይደለሁም እኮ..."

"እና ማነው? ንገሪው እንጂ ሰውዬውን!"

"ሰውዬ አይደለም፣ እትዬ። ኮሚቴ ነው።"

"ኮሚቴውን ንገሪው እንጂ! ደጋን ያሉት እጅ የላቸውም? እነሱ ያጠቡት ሰው አይደለም?" ጥጡን ወርውረው ተነሱ። ፊታቸው ቀልቷል። ድምፃቸው ጓሮ ድረስ ሄደ። ልጄ ደንግጦ ጮኸ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች።

ረውዳ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፤ ምስኪን፣ የምሥራች ይዛ መጥታ። እኔን አየችኝ። እኔ ልጄን እያባበልኩ ነበር፤ ፈገግታዬን ግን መያዝ አቃተኝ። ረውዳም ቀስ ብሎ ገባት። የተማረችው ለዚህ አይደል? ወደ አማቴ ዞረች።

"ተናደዱ፣ እትዬ?"

"አዎ፣ ተናድጃለሁ!" አሉ። ከዚያ ቃሉን ራሳቸው የሰሙት ይመስል ቆም አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እዚህ ጋ" አሉ ዝግ ብለው። "ያቃጥላል።"

ድነዋል አልልም። ማታ ራት ላይ እንደ ድሮው ዝም ብለው በሉ። ረውዳ ግን ለኮሚቴው የምትጽፈውን እዚሁ እኛ ቤት ተቀምጣ ጀመረች፤ አማቴም ከአጠገቧ ሆነው "ይሄማ ልስልስ ነው፣ ጠንከር አድርጊው" እያሉ አስቸገሯት።