ዝም ያለው መስመር

ማክሰኞ ማለዳ ካደርኩባት ከደሴ ስነሣ ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ዲጂታል የስልክ መስመር አርባ ቃላት የተዘረዘሩበት ደብተር ነበር። መካነ ሰላም ስልክ ቤት አዲስ ዲጂታል መሣሪያ ተተክሏል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ አናሎግ፣ ዲጂታል፣ ሞደም የሚባሉትን ቃላት ለሠራተኛው በአማርኛ ማስረዳት ነው። ግማሾቹን እኔ ራሴ ባለፈው ወር እንደተማርኳቸው ለማንም አልተናገርኩም።

አቀስታ፣ አምስት ሰዓት

መንገዱ ጠጠር ነው፤ ዳገቱን በወጣን ቁጥር ብርዱ ይብሳል። አቀስታ ላይ ሻይና ትኩስ የገብስ ዳቦ ለመቅመስ ከአውቶቡሱ ወረድን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ሥራዬን ጠየቁኝ። በዲጂታል መስመር ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ እንደሚሄድ ስነግራቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ወላሂ ጉድ ነው! ታዲያ የእኔን ድምፅ ከጎረቤቴ ድምፅ አያምታታውም?»

«ወፍጮ ቤት እንደሚጠብቅ ሰው ለእያንዳንዱ ተራ ይሰጠዋል።»

«ወፍጮ ቤትስ ስንቴ እህላችን ተደባልቋል!» ብለው ሳቁብኝ። እስከ መካነ ሰላም ድረስ የተሻለ ምሳሌ ስፈልግ ሄድኩ።

መካነ ሰላም፣ ረቡዕ

ስልክ ቤቱ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንዲት ጠባብ የመነጋገሪያ ክፍል አለው። ሠራተኛው አቶ ከድር ሃያ ዓመት የሠሩበት ነው። ኢንጂነር አለመሆኔን ብነግራቸውም «ኢንጂነር» ማለታቸውን አልተዉም። ስድስተኛው ቃል ላይ ስንደርስ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ እናት ገቡ።

ልጃቸው ሐያት ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ በወር አንዴ በቀጠሮ ትደውላለች። የሁለት ዓመት ኮንትራቷ በዚህ ወር ያልቃል። ትመለስ ወይስ ትጨምር የሚለው ዛሬ መቆረጥ አለበት።

«ደህና ነኝ ትለኛለች» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። «ሆዴ ግን አያምናትም። ያለፉት ሁለት ጊዜያት ደግሞ ሳንነጋገር ተቆረጠ።»

አቶ ከድር መዝገባቸውን አሳዩኝ። አዲሱ መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ከብዙ ስሞች ጎን «ተቆረጠ» ተጽፏል። «ድምፁስ ጥርት ብሏል» አሉ በሹክሹክታ፤ «መቆረጡ ነው ያስቸገረን።» መሣሪያውን ብመለከተው በእኔ ዓይን ምንም ችግር አይታይበትም። ነገሩ በጣም አጓጓኝ።

ስልኩ ሲጠራ የክፍሉን በር ከፍተን ቆምን።

«ሐያትዬ! ደህና ነሽ? ጤናሽስ?... ሃሎ?... ሃሎ?»

እትዬ ዘሀራ ጥቂት ጠበቁና ስልኩን ዘጉት። «ያው፣ ተቆረጠ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው፤ መስመሩን የዘጋው የራሳቸው እጅ ነበር።

«መቆረጡን በምን አወቁ?»

«ሽሽ የሚለው የለማ! ድሮ እሷ ዝም ስትል እንኳ ሽሽ ይላል፤ መኖሯን በዚያ አውቃለሁ።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የድሮው አናሎግ መስመር የሽቦውን ሽሽ የሚል ጩኸት ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ዲጂታሉ ግን የተናጋሪውን ድምፅ ብቻ ያደርሳል። ተናጋሪው ዝም ካለ መስመሩም ጭጭ ነው። የከተማው ሰው ግን መስመሩ አለመቆረጡን በጩኸቱ ማወቅ ለምዷል።

«ደግማ ከደወለች አይዝጉባት» አልኳቸው። «ዝም ያለችው እሷ ናት።»

አልሐምዱሊላህ፣ ደወለች። እትዬ ዘሀራ ስሟን ጠርተው ጠበቁ።

«ትተነፍሳለች» አሉን ዞር ብለው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ታለቅሻለሽ እንዴ?... እስከ ዛሬም እንዲህ ነበርሽ?»

መልሷን አልሰማሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ጩኸት ለቅሶዋን ሸፍኖላት ኖሯል።

«ኮንትራቱ ይቅር፣ ልጄ። ምንም ይዘሽ አትምጪ። ብቻ ነይልኝ።»

አቶ ከድር መዝገባቸውን ገልጠው «ተቆረጠ» የሚሉትን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ «ከእነዚህስ ስንቶቹ እያለቀሱ ነበር?» አሉኝ።

አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ

ማታ ቤቴ ደረስኩ። ሰዎች አዲሱን መሣሪያ የሚሰሙት በድሮው ጆሯቸው መሆኑን ያስተማረኝ ይህ ጉዞ ነው። ሳላርፍ ደብተሬን አውጥቼ አርባ አንደኛውን ቃል ጨመርኩ፦

ዝምታ፦ መስመሩ አልተቆረጠም። ወዲያ ማዶ ሰው አለ። አትዝጉ።