የሃጃ ሣርና የእኔ ውሻ

ከውሻ ጋር ተስማምተሽ ትኖሪያለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስቄበት ነበር። እኛ ወሎ ስናድግ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አጥበን ነው የምንነካው። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ የተቀጠርኩበት ቤት ግን ውሻ ነበረው፤ ያውም ጥጃ የሚያህል። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ሰው ሁሉ ሃጃ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ውሻው የእሳቸው አልነበረም፤ ልጃቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ ጥሎባቸው ነው። የእሳቸው የነበረው ሣሩ ነው።

ሣሩን ሟች ባለቤታቸው ናቸው በእጃቸው የተከሉት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሃጃ ወንበራቸውን አስወጥተው መሐሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ መግሪብም እዚያው ምንጣፍ ተነጥፎ ይሰገዳል። እኔ ውሻው ያልደረሰበት ቦታ ፍለጋ ኩሽናው ደጅ ሲሚንቶ ላይ እሰግዳለሁ። ሃጃ ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። «እኛ በማሊኪ ሕግ ነው የምንሄደው፤ በእኛ ዘንድ ውሻ ጣሂር ነው፣ ንጹህ ነው» ይሉኛል። ለእርስዎ ንጹህ ይሁንልዎ፣ እላለሁ በሆዴ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ላይ ነው ይህ። ያን ዓመት ሙቀቱ ሲበረታ ውሻው ሣሩን ፈጀው። የሸናበት ቦታ ሁሉ እንጀራ የሚያህል ክብ እየሠራ ቢጫ ሆነ። በሩ አጠገብ፣ ኒም ዛፉ ሥር ደግሞ ሰው የሚቀበርበት እስኪመስል ቆፍሮ እዚያ ውስጥ ይተኛል። ሃጃ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው አፈሩን በሸበጣቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«ያ ቢት» አሉኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ «ለዒድ ወንድሜ ይመጣል። እስከዚያ ይህ ነጂላ፣ ይህ ሣር፣ ካልዳነ ወላሂ ውሻውን ጭኖ እርሻው ይወስደዋል። ኸላስ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልቤ ግን ቀጥ አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኢቃማ የለኝም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ካለፈ ቆይቷል። በዚያ ዘመን ፖሊሶች በቦክስ፣ ያቺ ከኋላ ክፍት በሆነች መኪና፣ እየዞሩ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ ይለቅሙ ነበር። ከሻ ነው የምንለው። ቤት ውስጥ አይገቡም፤ ግን ደጅ ሳይጠረግ፣ ዳቦ ሳይገዛ ቤት አይኖርም። አንድ ጠዋት ደጁን ስጠርግ ውሻው ከጉድጓዱ ብድግ ብሎ እንግዳ ሲመጣ ከሚጮኸው የተለየ፣ ወፍራም ጩኸት ጮኸ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መጥረጊያዬን ጥዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ቦክሷ በመንገዱ መጣች። የጎረቤት ሠራተኛ፣ እንደኔው የወሎ ልጅ፣ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ነበር። ጫኗት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደጁን የምጠርገው ውሻው በሩ ጋ ሲተኛ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ሣሩ መዳን ነበረበት። አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። ሽንኩርት ስጠብስ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው፤ ውሻው እግሩን ሊያነሳ ሲል ማንኪያዬን ይዤ እሮጣለሁ። ሽንኩርቱ ያራል። መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ደግሞ ጉድ ነው። ነጃሳ የነካውን ልብስ እንደማጥበው አድርጌ ቢጫውን ክብ በልብስ ሳሙና ዱቄት ፈተግኩት። በማግስቱ ቢጫው ነጭ ሆነ፣ ክቡም ሰፋ። ሃጃ አይተው «ሣር ነው ወይስ ሸሚዝ?» አሉ።

ቀስ ብዬ የገባኝ ዱቄቱን ትቼ ውኃውን ማብዛት ነው። ለሶላት የምንታጠብበትን የውዱ ውኃ የምንይዝበትን ፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ፣ ኢብሪጉን፣ ሞልቼ ውሻውን ከኋላ ከኋላ መከተል ጀመርኩ። እሱ ይሸናል፣ እኔ ወዲያው አጠጣለሁ፤ ወደ ሌላ ጥግ ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ። ወሬው ሐበሻ የሚበዛበት ሳጃና ሰፈር ደረሰ። ዓርብ ዓርብ የምጠይቃት፣ ሻይ ቤት ያላት የአገሬ ልጅ ገና ስታየኝ፣

«ነይ እስቲ፣ ውሻ ውዱ ታስደርጊያለሽ አሉ! ኢማም ልታደርጊው ነው?» አለችኝ።

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አልተነሳም። እዚያ የሚጮህልኝ የለም። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

የጉድጓዱ ነገር ባሰ። እሞላለሁ፣ ይቆፍራል። እቆጣለሁ፣ ጆሮውን ጥሎ ያየኛል፤ ዞር ስል ይቆፍራል። ከጥጋብ መስሎኝ ሰደብኩት። አንድ ቀን ግን ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ሰው ሲያሳብድ፣ እጄን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደድኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ሰውዬው ለካ ሞቆት ነው! እኔም ብሆን እቆፍር ነበር።

ከኩሽናው ጀርባ የመጠጥ ውኃ የምናቀዘቅዝባቸው ዚሮች፣ ትልልቆቹ የሸክላ ጋኖች፣ በብረት ማቆሚያ ላይ ተደርድረዋል። ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባሉ፤ ሥራቸው ያለው አፈር ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ውሻውን ወስጄ እዚያ አሰርኩት። ሆዱን ለጥፎ ተኛና ከዚያ ወዲያ ብፈታውም አልነሳ አለ። ከበሩ መራቁ ቢያሳስበኝም፣ እርሻ ከሚወሰድ ይሻላል አልኩ።

በአህያ ጋሪ የወንዝ ደለል አስመጣሁ። ጉድጓዱን ሞልቼ፣ በግንቡ ጥግ በተነጠፈው የጡብ መንገድ ላይ ከሚሳበው ሣር ከነሥሩ እየመዘዝኩ አንድ በአንድ ተከልኩት፤ ማንም እንዳይረግጠው ዙሪያውን የቡገንቪሊያ እሾህ ጣልኩበት። ቡገንቪሊያን እዚያ ጀሀነሚያ ይሏታል፤ እጄን ስትቧጭረኝ ስሙ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሃጃ ተከላውን ራሳቸው ይጠብቁት ጀመር። የመጣውን እንግዳ ሁሉ በጡቡ መንገድ ያዞሩታል፤ እሳቸውም ዞረው ነው የሚያልፉት። ሣሩ በየሥሩ ጫፍ ጫፉን ሲያወጣ፣ በቃ ውሻው ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ አልኩ።

ዒድ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ተከላውን ሳጠጣ ውኃው በዛ። በሩን ከፈትኩና ትርፉን ወደ መንገድ በመጥረጊያ እገፋ ጀመር። ጩኸት አልሰማሁም። ውሻው ከቤቱ ጀርባ፣ ዚሩ ሥር፣ እኔው ያስተኛሁት ቦታ ተኝቷል። ቀና ስል ቦክሷ ቆማለች፣ አንድ ፖሊስም ክንዴን ይዞኛል።

«ኢቃማ?» አለ።

ስንት ዓመት የተናገርኩት ዓረብኛ ጥሎኝ ጠፋ። «ሃጃ!» ብቻ ነው ያልኩት፣ እሱም እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ሃጃ በረንዳው ላይ ነበሩ። በጡቡ መንገድ ቢመጡ ዙር ነው። አልዞሩም። ቀጥ ብለው በእሾሁ ላይ፣ በተከላው ላይ፣ በጭቃው መሐል መጡ። የተጠቀለሉት ቶብ እሾሁን እየጎተተ ይከተላቸዋል፤ አንዱ ሸበጣቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግራቸው ነው በሩ ጋ የደረሱት።

«ልቀቃት! ቢቲ ናት!» አሉ። ልጄ ናት ማለታቸው ነው።

ፖሊሱ የእኔን ፊት አየ፣ የእሳቸውን አየ። «ልጅዎ?»

«አዎ፣ ልጄ። አንተስ የማን ልጅ ነህ? ሰው ከነመጥረጊያው ከደጁ ይወሰዳል ብላ ነው እናትህ ያሳደገችህ?»

ወጣት ነው። ክንዴን ለቀቀና፣ «ኢቃማ ያውጡላት እንጂ፣ ሃጃ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ኢንሻአላህ» አሉት፣ በሩንም እሳቸው ዘጉት።

ወዲያው ሻይ እንዳፈላ አዘዙኝ። ውኃ ልቀዳ ዚሩ ጋ ስሄድ ተቀምጬ አለቀስኩ። ውሻው መጥቶ እጄን ላሰኝ። ተውኩት። ለመግሪብ ግን ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፤ ልቅሶ ሌላ፣ ሶላት ሌላ።

ደለሉ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ጠነከረ። ተከላው የተረገጠበት ሁሉ ሞተ። እንድደለድለው አላዘዙኝም፣ እኔም ለመንካት እጄ አልሄደም፤ ዒድ ግን መጣ። ወንድማቸው ገመድ ይዘው ገቡና ጥጉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸው፣ አልዳነም። ውሻውን ልውሰደው?»

ሻይ በትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

«እኔ ነኝ የረገጥኩት» አሉ ሃጃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ቢት፣ ውሻሽን ከዚሩ ሥር አንሺና በር ላይ መልሺው። አንቺ ደጅ ስትወጪ ቦታው እዚያ ነው።»

ውሻው በሩ ላይ እንደሚጠብቀኝ የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። አንድ ቀንም ነግሬያቸው አላውቅም።

ወንድማቸው ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ሣሩንስ? መልሶ ይቆፍረዋል እኮ!» አሉ።

ሃጃ ከትሪዬ ላይ ስኒያቸውን አነሱ።

«ይቆፍር» አሉ።