ፊቱ ላይ የተጋደመው

በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ቀብዴ» ነው የሚላት። ሥራዋ የተበላሸ ፎቶ ማደስ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ የደበዘዘውን ታደምቃለች፣ የተቀደደውን ትገጥማለች፣ እርጥበት የበላውን ጉንጭ ከሌላኛው ጉንጭ ተበድራ ትሞላለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት «እንደምን አደርሽ ሲሏት ቀብድ ይዘሃል ወይ ብላ ትመልሳለች» እያሉ ነው። ይህ እንኳ ሐሜት ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታውን ትመልስ ነበር።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ሥራ ስትጀምር ይሉኝታ የሚገድላት፣ ዋጋ ሲጠይቋት መሬት መሬቱን የምታይ ሴት ነበረች። ያኔ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር የሶፋና የአልጋ ፎቶዎቹን ሁሉ እንድታሳምርለት ሰጣት። ውሉ «ሥራው እንዳለቀ በወር ውስጥ እንከፍላለን» ይላል። ሥራው ግን አያልቅም፤ ዛሬ «ትራሱን ትንሽ ቀላ አድርጊው»፣ ነገ «ግድግዳውን ቀይሪው» ይሏታል። አለቀ ሲባል ደግሞ ሒሳብ ሹሙ ስብሰባ ገባ፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ስብሰባ የወጣ አይመስለኝም። የክፍያ መጠየቂያውን በላከች ቁጥር «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» የምትል ቃል ትጨምርበት ነበር። የገዛ ገንዘቧን በይቅርታ ስትለምን ከርማ፣ በመጨረሻ ካሜራዋን ሸጣ የቤት ኪራይ ከፈለች። ካሜራው የአባቷ ነበር።

ያን ሰሞን ነው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ «እኔ ቀብድ ሳልቀበል ጨርቅ ላይ መቀስ አላሳርፍም፤ አንቺ ከማን በልጠሽ ነው?» ያለቻት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቀብዴ ሕጓን በትልቁ አትማ በሯ ላይ ለጠፈች፤ ግማሹ ክፍያ ሥራው ሳይጀመር፣ ቀሪው ሲያልቅ፣ ቀሪው ካልተከፈለ ደግሞ ምስሉ ከዚህ ቤት አይወጣም። እስከዚያው ደንበኛው በስልኩ የሚደርሰው ናሙናው ብቻ ነው፤ እሱም ላይ «ናሙና» የሚል ወፍራም ጥቁር ጽሑፍ ይጋደምበታል። ጽሑፉ ጥግ ላይ ከዋለ ቆርጠው ጥለው ምስሉን ይወስዱታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ፊት ላይ ነው የምታሳርፈው።

ሕጉ ሠራላት። ኪራይ በጊዜው መክፈል ጀመረች፣ እንቅልፍም ወሰዳት። ዘመድ መጣ፣ ወዳጅ መጣ፣ ጣቷን ወደ በሩ መቀሰር ብቻ ነው።

አናጢው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከመታወቂያ ላይ የተላጠች፣ መሐሏ የተሰነጠቀ ትንሽዬ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል። ፎቶዋ ላይ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ሞቷል፤ ሌላ ፎቶ የለውም።

«ትልቅ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አላት። «እናቴን የዓይን ግፊት ዓይኗን እየወሰደባት ነው። ሐኪሙም የሄደው አይመለስም ብሏል። ሳይጨልምባት አንዴ በደንብ ብታየው ብዬ ነው።»

«ይደርሳል። ቀብድ ይዘሃል?»

ይዟል፤ ከፈለ። ቀብዴ ልበ ደረቅ ሆና አይደለም። ዋጋ ሊያስቀንስ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ እናቱን አሳምሞ ነው የሚመጣው፤ አንዱማ አንዲት እናቱን ሁለቴ ቀብሮባታል። ጆሮዋ ለምዶት ነበር።

ሥራውን ግን ከልቧ ሠራችው። ስንጥቁ በግራ ዓይኑ ላይ ያልፍ ነበርና ዓይኑን ከቀኙ እያየች እንደገና ሠራችው። ቅንድቡ ላይ ያለውን መስመርም ቆሻሻ መስሏት ልታጠፋው ስትል ሥራውን ሊያይ ጎራ ያለው አናጢ ከኋላዋ ቆሞ፣ «እሷን ተያት። ልጆች ሆነን ከእኔ ጋር ሲታገል ወድቆ ነው» አላት። ተወቻት።

ናሙናውን በላከችለት ሰሞን መጋዝ የአናጢውን እጅ በላው። ደወለላት።

«እህቴ፣ እጄን ተጎድቼ ሥራ ፈትቻለሁ። ምስሉን ስጪኝና ቀሪውን እጄ ሲድን ላምጣልሽ።»

«እግዜር ይማርህ። ግን ሕጌን ታውቀዋለህ። ላንተ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው።»

«ልክ ነሽ» አላት።

እሷ የለመደችው ክርክር ነበር። ቢከራከራት ምናልባት ልቧ ይራራ ነበር። አናጢው ሁለተኛ አልደወለም። ይሉኝታ ያለው ሰው አንዴ እምቢ ከተባለ በዚያ በር አያልፍም፤ ይህን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ምስሉ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ከረመ። ቤት ስትጠርግ አንሥታ «ልውሰድለት ይሆን?» ትላለች። ወዲያው እነዚያ ሶፋዎች ትዝ ይሏታል፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዝናቡ አልፎ፣ መንገዱ ደርቆ አናጢው መጣ። ሁለት ጣቶቹ የሉም። ቀሪውን ሒሳብ በደህናው እጁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናትህስ?» አለችው።

«ደህና ናት። ዓይኗ ግን ሄደ።»

መቼ እንደሆነ ሳትጠይቅ ገንዘቡን ወደሱ ገፋችው። መልሶ ወደሷ ገፋው።

«ውል ውል ነው፣ እህቴ። አንቺ አላጠፋሽም።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ፍሬሙ ለአንድ እጅ አይመችምና ተሸክማለት አብራው ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምታስበው ስለዚያ መደብር ነው። እነሱን አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራቸው አታውቅም፤ በይቅርታ ነው የሸኘቻቸው። ሕጓ ጥርስ ያወጣው ከነሱ በኋላ ነው፤ የነከሰውም ይህን ሰው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አፈረች፤ እፍረቱም እንደ ዱሮው የይሉኝታ እፍረት አልነበረም።

የእናቱ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ብርሃን ፍለጋ ያስጠጉት፣ እዚያው ቀርቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ኮቴው መለሱ።

«እማዬ፣ ፎቶውን የሠራችው ልጅ ናት» አለ አናጢው።

«ግቢ፣ ልጄ።»

ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። መስተዋቱን በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ቀዝቃዛና ልሙጥ ነው፤ ሌላ የሚነግራቸው ነገር የለም።

«ያኔ በስልኩ አሳይቶኝ ነበር» አሉ። «ዓይኔ የመጨረሻ ጭላንጭሉ ላይ ነው፤ አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ አየሁት። ልጄ ነው። ግን ፊቱ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሞበት ዓይኑንም አፉንም ሸፍኖታል። ይኼን ነገር አስነሣለት ስለው፣ ይነሣል እማዬ፣ ይነሣል ይለኛል። ከዚያ ጨለመ። አሁንም ሳስበው የሚመጣብኝ ከነጥቁሩ ነገር ነው።»

ቀብዴ ቀና ብላ አናጢውን አየችው። መሬት መሬቱን ያያል።

«ተነሣለት ወይ፣ ልጄ?»

«ተነሥቷል፣ እማማ።»

«ዓይኑ ይታያል?»

«ይታያል።»

«ቅንድቡ ላይ ያለችውስ ጠባሳ?»

«አለች። አልነካኋትም።»

ጣታቸው ጠባሳዋን ፍለጋ መስተዋቱ ላይ ሄደ፤ ሄዶ ሄዶ ባዶው ጥግ ላይ አረፈ። ቀብዴ አጠገባቸው ተንበርክካ ጣታቸውን ያዘችና ወደ ቅንድቡ ወሰደችላቸው።

«እዚህ ጋ ናት፣ እማማ» አለቻቸው።