ምስማር ያልነካው ቆርቆሮ

አናጢው ሰባት ዓመቱ ሳለ ቤት አፍራሾች መጡ። አባቱ ለአንዲቷ የጭቃ ክፍላቸው አዲስ ቆርቆሮ ገዝቶ በየስንዝሩ ምስማር መትቶበት ነበር። አፍራሾቹ በዲጂኖ ሲገነጥሉት ቆርቆሮው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ። የጎረቤታቸው ጣሪያ በድንጋይ ብቻ የተጫነ ስለነበር ሰውየው ቆርቆሮዎቹን አንድ ባንድ አንስቶ፣ ተሸክሞ ሄደ። የአናጢው ቤተሰብ ያን ክረምት በተበሳሳ ቆርቆሮ ስር ከረመ። የሦስት ዓመት እህቱ ሳል ያዛትና ዝናቡ ሳያባራ ሞተች። እሱም ታሞ ነበር፤ እሱ ተረፈ።

ይህን የነገረኝ በሠላሳ ዓመት ጉርብትናችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እንጨት እየላገ፣ ቀና ሳይል።

በሰፈራችን አርባ አንድ ቤት ነበር። የሁሉንም ጣሪያ ያለበሰው እሱ ነው፤ ምስማር ግን አይመታም። ቆርቆሮውን ደራርቦ ይዘረጋል፣ ጫፍ ጫፉን በሽቦ ያስራል፣ ከላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጭንበታል። “ቆርቆሮ እንደ ሰው ስም ነው፤ አንዴ ከተበሳ ማፍሰሱን አይተውም” ይል ነበር። አፍራሾች ሁለት ጊዜ መጡብን። ሁለቴም በግማሽ ቀን ጣሪያችንን አወረድን፤ ሲሄዱ መልሰን ሰቀልን። አንዲት ቆርቆሮ አልጎደለችም። የሰፈሩ ልጆች “ጋሼ ድንጋይ” ብለው ሰየሙት።

“ድንጋይ ባልሆን ኖሮ የት ታድሩ ነበር?” ይላቸዋል።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ሰዎች ግን ዲጂኖ አልያዙም። ወረቀትና ረጅም ዘንግ ነበር የያዙት። ሰፈሩ ሊነሳ ነው፤ ቤት ያለው ሰው በአዲሱ ፎቅ አንድ ክፍል ይሰጠዋል አሉን። መዝጋቢው በየደጁ እየቆመ የቆርቆሮውን ጠርዝ በዘንጉ ወደ ላይ ይገፋና ይጽፋል። የእኔ ጣሪያ ከፍ አለለት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከዚያ በኋላ ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ለቀምኩት። አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁ። በእንግሊዝኛ “ሻክ” ይላል።

“ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?”

“ምስማር የሌለው ነዋ፣ አባባ። በዘንግ የሚነሳ ጣሪያ ቤት አይባልም።”

ወደ አናጢው ሄድኩ። ቤቱ ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ መዝጋቢው ገና አልደረሰበትም። ሚስቱ አስም አለባት፤ ያን ጊዜ ከአልጋ መነሳት ከተወች ከርማለች። የሰማሁትን ነገርኩት። ከሌላ ሰው እንጨት እየነቀለ ያጠራቀማቸውን የዛጉ ምስማሮች ከሣጥኑ አወጣ። ለአንድ ጣሪያ እንጂ ለሁለት አይበቁም። እኔ መሰላሉን ያዝኩለት።

ጎረቤቱ ልብስ አጣቢዋ መዶሻ ሰምታ ወጣች።

“ጋሼ፣ ዛሬ ምን ታየዎት?”

“ነፋስ አለ።”

ነፋስ አልነበረም። በገመዷ ላይ ያለው አንሶላ እንኳ አይንቀሳቀስም።

“ለእኔስ አይመጣም ነፋሱ?” አለች እየሳቀች።

አልመለሰላትም፤ ምስማሮቹን በጥርሱ ነክሶ ነበር። እኔ አፌ ባዶ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ አርባ ሻክ፣ አንድ ቤት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጽል ስሙ “ጋሼ ምስማር” ሆነ፤ ሲያወጡለት ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። አጣቢዋ በደጁ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ጠዋት አናጢው መጣና “ያን መዝገበ ቃላትህን አምጣ። ሻክ ማለት ምንድነው?” አለኝ።

ገለጥኩ። “ተሠርታ ያላለቀች ደሳሳ ጎጆ ይላል። ከየት እንደመጣ በውል አይታወቅም፤ ምናልባት ከባሕር ማዶ፣ የእንጨት ጎጆ ከሚል ከሌላ ሕዝብ ቃል።”

“ሌላስ ምን ይሏታል?”

“ሃት አለ፤ ከመሸፈን ጋር ይዛመዳል ይላል። ሼድ ከጥላ የወጣ ነው። ሆቨል መጀመሪያ የከብት መጠለያ ነበር፤ ዘሩ አይታወቅም።”

“እንደኛው ነዋ።”

“ሻንቲ ላይ ይከራከራሉ። ግማሹ እንጨት ቆራጮች የሚያድሩበት ከሚል የፈረንሳይ ቃል ነው ይላል። ግማሹ የአይሪሾች ነው፣ አሮጌ ቤት ማለት ነው ይላል።”

“አሮጌም ቢሆን ቤት ብለውታል። ከእነዚህ ሁሉ ምስማር የሚል አለ?”

“አንድም የለም።”

“በል ተነስ።”

ወደ ምዝገባው ቢሮ ሄድን። የቃላቱን ትርጉም በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ባለጌ አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው አነበበልን።

“አባቶቼ፣ ጥሩ ጽፋችኋል። እኛ ግን የምንቆጥረው ምስማር ነው።”

አናጢው ባርኔጣውን አወለቀ። “እንግዲያው የእኔንም ሻክ በለው። የመታሁት መዝጋቢው ሰፈሩ ውስጥ እያለ ነው። ክፍሉን ለአጣቢዋ ስጡ፤ ሦስት ልጆች አሏት።”

“ብሰርዝዎት ክፍሉ ለመንግሥት ይመለሳል እንጂ ለእሷ አይሰጥም። ልሰርዝ?”

አናጢው የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰ፤ መጥፎ የተላገ ጠረጴዛ ነበር። ከዚያ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

“ተወው” አለ።

አጣቢዋ ቀዳዳ የሌላቸውን ቆርቆሮዎቿን በጋሪ ጭና ከወንዙ ማዶ ወረደች። እኔ ልጄ ዘንድ ገባሁ። እሱ ሚስቱን በጀርባው አዝሎ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ሁለት ክረምት ኖረችበት፤ በሦስተኛው በጋ ሞተች። ለቀብሯ ከድሮው ሰፈር የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት አልጋ ላይ ተኝቷል፤ እሱም አሁን ይስላል። ብዙ ተጫወትንና ምስማር ስለመታበት ቀን አነሳሁበት፤ በዕድሜህ ከሁሉ ያስበለጥከው ምን ነበር አልኩት። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

“እህቴ ከሞተች ወዲህ ሰው እንዳይረጥብ ነበር የለፋሁት” አለኝ። “አርባ ቤት በዝናብ አስመትቼ አንዲት ሴት አደረቅሁ። ልክ ነው አልልህም። ግን ስትሞት አልጋዋ ደረቅ ነበር። እኔ ራሴ በእጄ ዳስሼዋለሁ።”