የበያጁ ሚስት ያየችው ብልጭታ

ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት የሆስፒታሉ ረጅም ኮሪደር በነፍሰ ጡሮች ይሞላል። ስኳር ያለባት አለች፤ ልቧ የደከመ አለች፤ ከዚህ ቀደም አርግዛ ታቅፋ ያልተመለሰች አለች። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «ልዩ የእርግዝና ክትትል» ይላል። ሴቶቹ ግን «የፈሪዎች ክፍል» ብለውታል። «ሐኪሟ ለእኛ ትፈራለች፣ እኛ ለልጁ እንፈራለን፣ ባሎቻችን ደግሞ እኛን ይፈራሉ» ይሉና ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን በሰው ቤት ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ጥንቃቄ አለበት።

ከሰማያዊው መጋረጃ ጀርባ አልፎ አልፎ የጽንስ ልብ ምት በማሽን ይሰማል። ያኔ ወሬው ሁሉ ቀጥ ይላል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ እያንዳንዷ የራሷ አድርጋ ታዳምጠዋለች። ከመካከላቸው አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች። ለእሷ ድምፁ ሩቅ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ለነገ የሚደርስ ልብስ እየተቻኮለ ሲሰፋ ይመስላታል።

የምትሰፋው የተማሪዎች ደንብ ልብስ ነው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ትከሻ በዓይኗ ለክታ ታውቀዋለች። የራሷን ግን ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለቱም ከመንገድ ቀሩባት። ሁለተኛው የቀረው እዚሁ ሆስፒታል፣ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ነበር። ያን ቀን ያዘጋጀችው ቦርሳ ዚፑ ሳይከፈት አብሯት ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከበሽታው ይልቅ አልጋውን ትፈራለች። ተኝታ የታከመች ሴት ባዶ እጇን ትወጣለች የሚል ሕግ ማንም ሳይነግራት በልቧ አጸደቀች። ሰው ሲጎዳ እንዲህ ነው፤ ዕጣውን መክሰስ ስለማይችል ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ አልጋውን ይከሳል።

አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። «ስንት ወርሽ ነው?» ለሚላት ሁሉ «እየሄደ ነው» ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም።

ብልጭታው የመጣባት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ስታዞር ነው። መጀመሪያ ከጨርቁ ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብ ብርሃን ተነሣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብርማ ትንንሽ ዓሣዎች የመሰሉ ነገሮች በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው መዋኘት ጀመሩ። አልደነገጠችም። እንዲያውም ደስ አላት፤ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንሥታ ዝም ብላ አየቻቸው። ዓለም ለአፍታ ክብደቷን ያራገፈች መሰላት።

የባሏ ብየዳ ቤት ከእሷ መስፊያ ክፍል ፊት ለፊት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ለምሳ ሲገባ ነገረችው።

«ዓይኔ ላይ ነገር ይዋኛል።»

«ብየዳውን አይተሻላ!» አለ በያጁ። «ስንት ጊዜ ነው ወደዚያ አትመልከቺ ያልኩሽ?»

«እኔ አንተን እንጂ ብየዳውን መቼ አየሁ?»

«ይኸው! መልከ መልካም ባል የማግባት ጣጣው ይሄ ነው።»

በያጆች ዓይናቸውን ብልጭታው ሲያቃጥላቸው የሚያደርጉትን አደረገላት። ድንች ልጦ በስሱ ቆራረጠና ሶፋው ላይ አጋድሟት በተጨፈኑ ዓይኖቿ ላይ ደረደረላት። ቀዝቃዛ ነበር። ከውጭ መዶሻው ብረት ሲመታ ይሰማታል፤ ከድንቹ ሥር ዓሣዎቹ አሁንም ይዋኛሉ። እንደዚያ ሆና እንቅልፍ ወሰዳት፤ በሕልሟም ውኃ ውስጥ ተቀምጣ ስትሰፋ አደረች ልበል? ቀን ነበር እንጂ።

እሁድ መጣ። ብየዳ ቤቱ ዝግ ነው፤ ባሏም ዘመድ ጥየቃ ወጥቷል። ግቢው ጭር ብሏል። የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ስትዘረጋ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ዓሣዎቹ ከወትሮው በዝተው፣ ጠርዛቸው ወርቅ መስሎ መጡ።

«እሁድ ነው'ኮ» አለች ለራሷ።

የሚበይድ ሰው አልነበረም። ይህን አወቀችው። አንሶላውን እንደያዘች ቆማ አወቀችው። ከዚያ ገብታ በገዛ እጇ ድንች ቆረጠች።

ሳናውቅ የምንገባበት ስሕተት አለ፤ አውቀን የማንወጣበትም አለ። ሁለተኛው ይሞቃል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ዕድሜያችንን እዚያ ውስጥ የምናሳልፈው። ልብስ ሰፊዋ እስከ ረቡዕ እዚያ ውስጥ ሰነበተች።

ረቡዕ ጠዋት ተራዋን ስትጠብቅ አጠገቧ መንታ ያረገዘች ሴት ተቀምጣለች። ሁሉም «ባለመንታዋ» ይሏታል።

«ፊትሽ አብጧል የኔ እህት» አለቻት። «ወይስ ወፈርሽብን?»

«አንቺ ሁለት ተሸክመሽ የእኔን ፊት ታያለሽ?»

«ወደ ታች ማየት አልችልማ! ሆዴ ከልሎኛል፤ የቀረኝ የሰው ፊት ነው።»

ተጠራች። ደም ግፊት የምትለካው ሲስተር በዕድሜ የገፋች፣ ቁጣዋና ቀልዷ የማይለይ ሴት ናት። ክንዷ ላይ ጨርቁን እያሰረች እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«ራስ ምታት? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር?»

«የለም።»

ቃሉ ቀላል ነበር፤ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሾለከ። ሲስተር ለካች። በሌላኛው ክንድ ደግማ ለካችና ሐኪሟን ጠራች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብዙ አታወራም። አስተኝታት ሆዷ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀባችና መሣሪያውን አሳረፈች።

ምቱ መጣ። ዛሬ ከመጋረጃው ወዲያ የማን ይሆን የሚባል አይደለም፤ የእሷ ነው። ይቸኩላል፤ ያምናል። እናቱ አሁን ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማም፤ ሥራውን ይሠራል። ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች ጥቂት አዳመጠችው። አልጋው ታያት፣ መስኮቱ ታያት። ምቱ ግን አላቋረጠም።

«ሲስተር፣ ባሌ በያጅ ነው» አለች በድንገት።

«ጥሩ ሙያ ነው። የግቢዬ በር ተነቅሏል፤ ላኪልኝ።»

«ብልጭታ አያለሁ። ከእሱ ብየዳ ነው ብለን ድንች አደረግንበት።»

«ድንች!» አለች ባለመንታዋ ከመጋረጃው ወዲያ። «ዘይቱ ነዋ የቀረሽ!» ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ።

ሲስተር አልሳቀችም። «ብየዳ ቤቱ ሲዘጋስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሁድ ዝግ ነው።» ወደ ሲስተር ዞረች። «እሁድም አየሁት።»

ሐኪሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ይሄ ከብየዳው አይደለም፤ ከደም ግፊትሽ ነው። እንዲህ ሆነሽ ቤት ብትሄጂ ሊያንቀጠቅጥሽ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለታችሁንም ልናጣ እንችላለን።»

«ልተኛ ነው?»

«ትተኛለሽ።»

«እሺ» አለች። ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት የሄደችበትን መንገድ ከእሷ በቀር ማንም አላየውም።

ፎቅ ላይ በደም ሥሯ መድኃኒት ሲገባ ሙቀት ከክንዷ ተነሥቶ ወደ ደረቷ፣ ወደ አንገቷ፣ ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ፤ ፀሐይ የጠጣች መሰላት። ግድግዳዎቹ ቀስ ብለው ራቁ። በያጁ ተጠርቶ ሲደርስ የብየዳ ጭንብሉ ምልክት ግንባሩ ላይ እንደታተመ ነው።

«ድንቹን ያዘዘው ሐኪም አንተ ነህ?» አለችው ሲስተር።

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ለራስህ ዓይን አድርገው። ለሚስትህ ግን ሁለተኛ እንዳታዝ።»

ግፊቱ በመድኃኒት ጥቂት ወረደና ተመልሶ ወጣ። ሐኪሟ መጥታ ልጁ ያለ ጊዜው ቢሆንም መውጣት እንዳለበት፣ ትንሽ እንደሚሆን፣ መተንፈስ ሊያስቸግረው እንደሚችል አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ፈርተሃል?» አለችው ሚስቱ፤ ምላሷ በመድኃኒቱ ከብዷል።

«እኔማ ምን እፈራለሁ? እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

«እጅህን ስጠኝ እንግዲያው። አንተ እዚያው ቆይ።»

ኦፕራሲዮኑን የምታስታውሰው እንደ ሩቅ አገር ነው። አረንጓዴ ጨርቅ፣ የሰዎች ዝቅ ያለ ንግግር፣ ከወገቧ በታች የሌላ ሰው የሆነ ገላ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። እዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ዕድሜ እንደኖረች አታውቅም። በመጨረሻ ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጨርሶ አልተጠራጠረችውም። ለማየት አንገቷን ስታነሣ ግን ሕፃኗን ወደ ማሞቂያው ይዘዋት ሮጠዋል።

ከሰዓት በኋላው ብርሃን ክፍሉ ውስጥ ሲረዝም ባሏ ከሕፃናት ክፍል ተመለሰ። በሩ ላይ ቆመ።

«ትተነፍሳለች?»

«በቱቦ ያግዟታል። ግን ራሷም ትሞክራለች። ሌሊቱን እንይ አሉ።»

«ምን ትመስላለች?»

«ቁጡ ናት» አለ። «እንዲህ፣ ቅንድቧን ሰብስባ… እዚያ ተመችቶኝ ሳለ መች አውጡኝ አልኳችሁ የምትል ነው የምትመስለው።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። «እውነቷን ነው» አለች። «ሂድና ይቅርታ ጠይቅልኝ። ስነሣ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።»

በያጁም እንደታዘዘው ይቅርታ ሊጠይቅ ተመልሶ ሄደ።